አንድ ቀበሮ፣ አንድ ሽመላ፣ አምስት መቶ ዓመት፦ የቆዩ የእንስሳት ተረት ህትመቶችን እንዴት እንሰብስብ?

ቀበሮ ሽመላን ምሳ ትጋብዛታለች። ሾርባውን በዝርግ ሰሃን ታቀርባለች። ሽመላ በዚያ ረጅም መንቆሯ ምን ልትቀምስ? ጦሟን ትመለሳለች። ሌላ ቀን ተራው የሽመላ ይሆናል። እሷ ደግሞ ምግቡን አንገቱ ረጅምና ጠባብ በሆነ ዕቃ ታቀርባለች። አሁን ጦሟን የምትመለሰው ቀበሮ ናት።

ይህች አጭር ተረት ከ500 ዓመት በላይ ከነሥዕሏ ስትታተም ኖራለች። መጀመሪያ በእንጨት፣ ቀጥሎ በመዳብ፣ ከዚያ እንደገና በእንጨት፣ በመጨረሻም በፎቶግራፍ ዘዴ። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱን በእጃችሁ ስትይዙ የአንድ ሰው እጅ በእያንዳንዱ መስመር ላይ እንደዋለ ይታያችኋል። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ይኸው ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ይህ መመሪያ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ህትመት» ስል ከተቀረጸ እንጨት፣ ከብረት ሰሌዳ ወይም ከድንጋይ ላይ በቀለም ወደ ወረቀት የተላለፈ ሥዕል ማለቴ ነው። በእጅ የተሣለ ሥዕል ሌላ ነገር ነው። የዚያ ህትመት ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ያንን ልዩነት ስለማየት ነው።

1. መጀመሪያ አንድ ተረት ምረጡ

ብዙ ጀማሪ ያማረውን ሁሉ ይገዛል። አንድ አንበሳ ከዚህ፣ አንድ ጦጣ ከዚያ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳጥኑ ይሞላል፣ ግን ወረቀቶቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ አንድ ተረት ያዙና በየዘመኑ ተከታተሉት። ዓይናችሁ የሚሠለጥነው በማነጻጸር ነው። ተረቱ ሳይቀየር ሥዕሉ ብቻ ሲቀየር የየሠዓሊው ምርጫ ፍንትው ብሎ ይወጣል። የቀበሮና የሽመላን ተረት ውሰዱ። ታሪኩ ሁለት ግብዣ አለው። ሠዓሊው የትኛውን ይሣል? የመጀመሪያውን ከሣለ የቀበሮን ተንኮል ማሳየቱ ነው። ሁለተኛውን ከሣለ የሽመላን ብድር። በድሮ የእንጨት ህትመቶች ውስጥ የአንድ ተረት ሁለት ጊዜያት በአንድ ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀርቡ ታያላችሁ፤ ያው እንስሳ ሁለት ቦታ ይታያል። የኋላ ሰዎች ግን አንዱን ቅጽበት መርጠው እዚያው ይቆማሉ። ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግራችሁ በራሳችሁ የምታዩት ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው።

ሌሎች ለሰብሳቢ የሚመቹ ተረቶችም አሉ። ቁራና ቀበሮ፣ ተኩላና የበግ ግልገል፣ ንጉሥ ይሰጠን ያሉት እንቁራሪቶች፣ አንበሳና አይጥ። ሁሉም በብዙ ሰው እጅ ተደጋግመው ስለተሣሉ ፈልጋችሁ አታጡም። በጣም ያልተለመደ ተረት ከመረጣችሁ ግን ፍለጋው ረጅም እንደሚሆን ከወዲሁ እወቁ።

አንድ ችግር አለ። የተረቶቹ ስም በየቋንቋው ይለያያል። አንዱ «ሽመላ» ያለውን ሌላው በሌላ ወፍ ስም ይጠራዋል። ለዚህ መፍትሔው የፔሪ ቁጥር ነው። ቤን ኤድዊን ፔሪ የተባለው ምሁር በ1952 በጥንቱ የግሪክ ተረት ነጋሪ በኤዞፕ ስም የሚታወቁትን ተረቶች ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠ። ቀበሮና ሽመላ 426 ነው። ቁራና ቀበሮ 124፣ ተኩላና ግልገል 155፣ አንበሳና አይጥ 150። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በግጥም ለጻፋቸው ደግሞ የመጽሐፉና የተረቱ ቁጥር አለ፤ ቀበሮና ሽመላ በአንደኛው መጽሐፍ 18ኛ ነው። ሁለቱንም ቁጥር ማስታወሻ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። የማታውቁት ቋንቋ ቢያጋጥማችሁ እንኳ በቁጥሩ ትግባባላችሁ።

2. ማን መቼ እንደሠራ እወቁ

ሁሉንም ስም መሸምደድ አያስፈልግም። ግን ጥቂት ምሰሶዎች ያስፈልጋሉ። የምታገኙት ወረቀት በየትኞቹ መካከል እንደሚወድቅ የምትለዩት በእነሱ ነው።

በ1476 ገደማ ኡልም በተባለች የጀርመን ከተማ ዮሐን ዛይነር የተባለ አታሚ ሃይንሪሽ ሽታይንሆቨል ያዘጋጀውን የኤዞፕ መጽሐፍ አወጣ። ወደ 200 የሚጠጉ የእንጨት ሥዕሎች ነበሩበት። እነዚህ ሥዕሎች በየአገሩ ተቀድተዋል። ዊልያም ካክስተን በ1484 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ኤዞፕም የዚያው ዘር ነው።

ከዚያ መዳብ መጣ። ማርከስ ጌራርትስ በ1567 በብሩጅ ከ100 በላይ የተረት ሥዕሎችን በአሲድ ዘዴ ሠራ። እንስሳቱ እውነተኛ እንስሳት ይመስላሉ፤ ያኔ ይህ አዲስ ነገር ነበር። በእንግሊዝ ፍራንሲስ ባርሎው የራሱን ኤዞፕ በ1666 አወጣ። በ1687 ደግሞ ከገጣሚዋ ከአፍራ ቤን አዳዲስ ግጥሞች ጋር እንደገና ታተመ። ባርሎው ወፎችን የሚያውቅ ሰው ነው። የወፎቹን አቋም አይታችሁ ትለዩታላችሁ።

በፈረንሳይ የላ ፎንቴን የመጀመሪያ ተረቶች በ1668 ሲወጡ ፍራንሷ ሾቮ በትንንሽ ሥዕሎች አስጌጣቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ውስጥ 39 የኤዞፕ ተረት ፏፏቴዎች ያሉበት ውስብስብ መንገድ ነበር። ሻርል ፔሮ መግለጫውን ጻፈ፣ ሴባስቲያን ለክለር እያንዳንዱን ፏፏቴ በመዳብ ቀረጸ፣ መጽሐፉም በ1677 ታተመ። ቦታው ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረሰ። ዛሬ ያን ስፍራ ለማየት ዋናው መንገድ ህትመቶቹ ናቸው። ውሃ የሚተፉ እንስሳት ያሉበት ትንሽ የመዳብ ሥዕል ካያችሁ ቆም በሉ።

ዣን ባቲስት ኡድሪ የአደን ሥዕል ባለሙያ ነበር። ለላ ፎንቴን የሣላቸው ሥዕሎች ከ1755 እስከ 1759 በአራት ትልልቅ ጥራዞች ታተሙ። 275 የተረት ሰሌዳዎች አሉበት። ዛሬ በነጠላ ወረቀት ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። በእንግሊዝ ቶማስ ቢዊክ እንጨትን እንደገና ወደ ክብሩ መለሰው። የሱ ትልቁ የኤዞፕ መጽሐፍ የወጣው በ1818 ነው። ከመጽሐፉ ጋር የራሱ አውራ ጣት አሻራ የተቀረጸበት ደረሰኝ ይሰጥ ነበር፤ ያ ደረሰኝ አብሮ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታም ነው። ግራንቪል በ1838 እንስሳቱን ኮትና ቀሚስ አለበሳቸው። ጆን ቴኒየል በ1848፣ ጉስታቭ ዶሬ በ1867 ገደማ ሠሩ። ዶሬ አንዳንዴ እንስሳቱን ጭራሽ ትቶ ሰዎችን ይሥላል። ዋልተር ክሬን በ1887 በቀለም የታተመ የልጆች ኤዞፕ አወጣ። ጃፓን ውስጥም ካዋናቤ ክዮሳይ በ1870ዎቹ የኤዞፕን ተረቶች በጃፓን የእንጨት ህትመት ሠርቷል። አርተር ራክሃም 1912። ማርክ ሻጋል በ1920ዎቹ መጨረሻ የላ ፎንቴንን 100 ሰሌዳዎች ሠርቶ በ1952 ታትመውለታል።

ለጀማሪ የምመክረው 19ኛውን ክፍለ ዘመን ነው። በብዛት ታትሟል፣ ስለዚህ ይገኛል። ተሳስታችሁ ብትገዙም ጉዳቱ ቀላል ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ዓይናችሁ እስኪሠለጥን ይቆይ።

3. አጉሊ መነጽር ያዙና መስመሩን አንብቡ

አስር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ግዙ። ጌጥ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚይዙት ዓይነት። ከዚህ ሥራ መሣሪያዎች ሁሉ የማይቀረው ይህ ብቻ ነው። መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ መነጽሩ አምጡ።

የምታዩት ነገር ሥዕሉ እንዴት እንደታተመ ይነግራችኋል።

የእንጨት ህትመት ከሆነ ቀለም የያዘው ከእንጨቱ ያልተነሳው፣ ከፍ ብሎ የቀረው ክፍል ነው። ማተሚያው ሲጫን ቀለሙ ወደ ጠርዝ ይገፋል። ስለዚህ በመስመሩ ዳር ጠቆር ያለ ከንፈር ታያላችሁ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጎን በኩል መብራት ስታበሩበት መስመሮቹ ከኋላ በትንሹ ገፍተው ይታያሉ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ውስጥ መስመሩ ወፍራምና ቀጥተኛ ነው። ከቢዊክ ወዲህ ያሉት ግን የተቀረጹት በዛፉ ቁመት በተሰነጠቀ ጣውላ ላይ አይደለም። በአግድም በተቆረጠው የግንድ ፊት ላይ ነው። ያ ፊት ጠንካራ ስለሆነ እንደ ጸጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ይቀረጽበታል። ጸጉርና ላባ በነጭ መስመር ከጥቁር ውስጥ ሲወጡ ካያችሁ ይህ ዘዴ ነው። ለዚህ የሚሆነው እንጨት ትንሽ ነው። ትልልቅ ሥዕሎች የሚሠሩት ብዙ ቁራጮችን በብሎን አያይዞ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ነጭ ስንጥቅ አንዳንዴ ይታያል። አትደንግጡ፤ የመገጣጠሚያው ምልክት ነው።

መዳብ ተቃራኒው ነው። ቀለሙ የሚገባው በተቆፈረው መስመር ውስጥ ነው። የረጠበ ወረቀት በኃይል ሲጫንበት ቀለሙን ከጉድጓዱ ስቦ ያወጣል። ስለዚህ መስመሩ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በጎን መብራት ታዩታላችሁ። በሥዕሉ ዙሪያም ሰሌዳው የተጫነበት አራት ማዕዘን ጠርዝ ይቀራል።

መዳብም ሁለት ዓይነት አለው። በብረት መቅረጫ በቀጥታ የተቀረጸው መስመር ቀጭን ሆኖ ይጀምራል፣ መሐሉ ይወፍራል፣ መጨረሻው እንደ መርፌ ይሾላል። በአሲድ የተሠራው ግን እንዲህ አይደለም። ሠዓሊው ሰሌዳውን በሰም ይለብጠዋል፣ በመርፌ ሰሙን ይጭራል፣ አሲዱ የተጫረውን ይበላል። መርፌው እንደ እርሳስ በነጻነት ይሄዳል። ስለዚህ መስመሩ የተፍታታ ነው፣ ጫፉም ደንዝዞ ያልቃል። የባርሎው ወፎች ሕይወት ያላቸው የሚመስሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ሁለቱ ዘዴዎች ተቀላቅለው ታገኛላችሁ።

የድንጋይ ህትመት፣ ማለትም ሊቶግራፍ፣ በ1790ዎቹ መጨረሻ የተፈለሰፈ ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም ጉድጓድም ጉብታም የለውም። በመነጽር ስታዩት ሻካራ ግድግዳ ላይ የተሰመረ ጠመኔ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሥዕሉ በመነጽር ሲታይ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከሆነ በፎቶግራፍ ዘዴ የታተመ ነው። ይህ ዘዴ የተስፋፋው ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው። «የ1755 ኡድሪ ነው» የተባለ ወረቀት ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ ጉዳዩ አለቀ። ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ በፍሬም ውስጥ የታሸገ ተኩላ ገዛሁ። ሻጩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብሎ በቃሉ አረጋገጠልኝ። የሰሌዳው ጠርዝ እንኳ ይታይ ነበር። ቤት ወስጄ ፍሬሙን ስከፍተው ከጥግ እስከ ጥግ ነጠብጣብ ነው። የሰሌዳው ጠርዝ ለማስመሰል በኋላ የተጫነ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬሙ ሳይከፈት አልገዛም። እናንተም አትግዙ። «ፍሬሙ እንዳይበላሽ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምስጋና አቅርባችሁ ውጡ።

ግን ነጠብጣብ ሁሉ ሐሰት አይደለም። የራክሃም የ1912 የቀለም ሥዕሎች መጀመሪያውኑ የታተሙት በነጠብጣብ ዘዴ ነው። እዚያ ላይ ነጠብጣቡ ትክክለኛ ነው። በክሬን የ1887 መጽሐፍ ላይ ግን ቀለሞቹ ከእንጨት ላይ ስለታተሙ ነጠብጣብ መኖር የለበትም። ዓመቱንና ዘዴውን አብራችሁ ማወቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ሌላ ጥሩ ፍንጭ አቅጣጫ ነው። አንድ ቀራጭ የሌላውን ህትመት አይቶ እንዳለ ሰሌዳው ላይ ሲቀርጸው፣ ሲታተም ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል። ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለችው ቀበሮ ወደ ግራ እያየች በቤተ መጻሕፍት ያለው ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነ፣ የያዛችሁት ቅጂ ሊሆን ይችላል። ቅጂ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂ በራሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ስሙን በትክክል ጠርታችሁ፣ በትክክለኛ ዋጋው ግዙት።

4. ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሱት

ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ በመስኮት ብርሃን ላይ አንሱት። በሁለት በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ልዩነት የሚወርዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ታያላችሁ? እነሱን የሚያቋርጡ ደግሞ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች? ይህ በሽቦ ወንፊት ላይ በእጅ የተሠራ የድሮ ወረቀት ነው። አንዳንዴ መሐሉ ላይ የወረቀት ሠሪው ምልክት ይኖራል፦ ዘውድ፣ የወይን ዘለላ፣ ፊደል።

መስመር የሌለው ለስላሳ ወረቀት በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ መጀመሪያ የታየው በ1757 ነው። የተስፋፋው ደግሞ በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ወረቀት ላይ ያለ «የ1687 ባርሎው» ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ማስረጃው የሚሠራው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። መስመር ያለው ወረቀት ዛሬም ይሠራል። መስመሩ መኖሩ ዕድሜን አያረጋግጥም፤ በድሮ ወረቀት ላይ አለመኖሩ ግን ያጋልጣል።

አነስተኛ የአልትራቫዮሌት ባትሪም ይጠቅማል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲበራበት በሰማያዊ ነጭ የሚያበራ ወረቀት ውስጡ የማንጫ ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል በወረቀት ላይ የመጣው በ1950 አካባቢ ነው። የድሮ ወረቀት ደብዝዞ ይቀራል።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወረቀት ከእንጨት መሠራት ጀመረ። እነዚህ ወረቀቶች ይቢጫሉ፣ ጠርዛቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። የሚገርመው የ1567 ወረቀት ከ1890ው የበለጠ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ያኛው የተሠራው ከጨርቅ ነው።

ከኋላ ጽሑፍ ካለበትስ? ብዙ ጀማሪ ጉድለት ይመስለዋል። በድሮ የእንጨት ሥዕሎች ላይ ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ገጽ ስለሚታተሙ የኋላው ጽሑፍ የመጽሐፉ ቀጣይ ገጽ ነው። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ጽሑፉ የትኛው እትም እንደሆነ ለማወቅ የተሻለው መንገድ ነው።

5. ከሥዕሉ ሥር ያሉትን ጥቃቅን ቃላት አንብቡ

በመዳብ ሥራዎች ሥር ላይ ስሞችና የላቲን ምህጻረ ቃላት አሉ። ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ሥዕሉን ያሰበው ወይም የሣለው ሰው ነው። ከስሙ ቀጥሎ «ኢንቬኒት» (ያሰበው) ወይም «ዴሊኒያቪት» (የሣለው) የሚለው ቃል በአጭሩ ይጻፋል። በቀኝ በኩል «ስኩልፕሲት» ካለ ቀራጩ ነው። «ኤክስኩዲት» ደግሞ አሳታሚው ነው።

ይህ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የኡድሪ ሥራ የአንድ ሰው አይደለም። ኡድሪ ሣለ፣ ሻርል ኒኮላ ኮሻን ሥዕሎቹን ለቀራጮቹ እንዲመቹ አድርጎ አስተካከለ፣ ከዚያ ብዙ ቀራጮች ተካፍለው ቀረጹ። የቀራጩን ስም ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ከጊዜ በኋላ የማንን እጅ እንደምትወዱ ታውቃላችሁ።

6. ስትገዙ

የምትገዙት ከጥንታዊ መጻሕፍትና ህትመት ነጋዴ፣ ከጨረታ ወይም ከግለሰብ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ግዢዎች ነጋዴ ይሻላል። ጥሩ ነጋዴ ጥያቄ ይወዳል። ስህተት ከተገኘም ይመልሳል። ይህን ደግሞ በደረሰኙ ላይ አጽፉት፦ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ፣ ዘዴው፣ መጽሐፉ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ አይገኝም።

ከመግዛታችሁ በፊት ያንኑ ሥዕል በቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ስብስብ ውስጥ ፈልጉት። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ»፣ የብሪቲሽ ሙዚየምና የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ስብስቦቻቸውን በነጻ ክፍት አድርገዋል። አሜሪካ ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ለተረት ብቻ የተሰጠ ትልቅ የካርልሰን ስብስብ አለ። ምስሉን ከፍታችሁ መስመር በመስመር አስተያዩ። ሰሌዳ ሲያረጅ መስመሮቹ ይሳሳሉ፣ ጥላው ግራጫ ይሆናል። ጥቁሩ ጥልቅ የሆነው ቀድሞ የታተመ ነው። የደከመ ህትመት መግዛት ኃጢአት አይደለም፣ ግን እንደ ደከመ ይከፈልበት።

ስለ ጉዳት። ቡናማ ነጠብጣብና ትንሽ የውሃ ምልክት ከሥዕሉ ውጭ፣ በህዳጉ ላይ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅ። የብል ቀዳዳም እንዲሁ። እኔ የማልፈው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ህዳጉ እስከ ሥዕሉ ድረስ የተቆረጠ። ሁለተኛ፣ ካርቶን ላይ በሙጫ የተለጠፈ፤ ከኋላ ያለውን ሁሉ ይደብቃል፣ ለማላቀቅም ባለሙያ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ በኬሚካል ታጥቦ እንደ አዲስ የነጣ። የ300 ዓመት ወረቀት የዛሬ ወተት መምሰል የለበትም።

ቀለም የተቀባ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። የኡድሪ ሰሌዳዎች በብዛት የወጡት ያለ ቀለም ነበር። ነጋዴዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ግድግዳ ላይ እንዲያምሩ ቀለም አስቀብተዋቸዋል። የድሮ ቀለም ወደ ወረቀቱ ሰርጓል፣ ረግቧል። መዳብ ያለበት የድሮ አረንጓዴ ወረቀቱን ስለሚያቃጥል ከኋላ ቡናማ ጥላ ይተዋል። አረንጓዴው እየጮኸ ከኋላ ግን ምንም ምልክት ከሌለ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ልቤን የሚነካው ጉዳይ። ነጠላ ወረቀቶች ከየት ይመጣሉ? አብዛኛው ከመጽሐፍ ተቀዶ ነው። ሙሉ መጽሐፍ ገዝቶ ሥዕሎቹን በምላጭ እየለየ አንድ በአንድ የሚሸጥ አለ። ለነጋዴው ትርፍ ነው። ግን 250 ዓመት ሙሉ ሆኖ የቆየ ጥራዝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። እኛ ገዢዎች ካልከፈልን ይህ አይሠራም። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «መጽሐፉ ሲገዛ ሙሉ ነበር?» ከተጎዳና ከጎደለ ጥራዝ የተረፈ ወረቀት ከሆነ እወስዳለሁ። ከድሮ ስብስብ፣ ከቆየ ፍሬም የመጣ ከሆነም እወስዳለሁ። ትኩስ የምላጭ ጠርዝ ካየሁ ግን፣ ለዓመታት የፈለግኩት ቀበሮ ቢሆን እንኳ፣ እተወዋለሁ። ሙሉ የሆነ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ካገኛችሁ ሙሉውን ግዙና እንዳለ አቆዩት። ተረቱን በገጹ ላይ ገልጣችሁ ማየት በራሱ ሌላ ደስታ ነው።

7. ቤት ከገባ በኋላ

እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ። ንጹህ ደረቅ እጅ ከጨርቅ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት የወረቀቱን ጠርዝ እንዳትሰሙ ያደርጋል፣ ይቀዳል። ወረቀቱን ሁልጊዜ በሁለት እጅ ያዙ።

እያንዳንዱን ወረቀት አሲድ በሌለው አቃፊ ውስጥ አስገቡና ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ አስተኙት። አትጠቅልሉት። ክፍሉ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ይሁን፤ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ጥሩ ነው። ከወለል፣ ከውጭ ግድግዳና ከውሃ ቧንቧ አርቁት። በየጥቂት ወሩ ክፈቱትና ብል እንዳለ እዩ።

ፕላስተር ፈጽሞ አትጠቀሙ። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ለዘላለም ቡናማ ምልክት ይተዋል። ላሚኔት ማድረግም ያው ነው። የተቀደደ ካለ እስከ ባለሙያ ድረስ እንዳለ ይቆይ።

ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ ከሥዕሉ ዙሪያ የሚገባው ካርቶን ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለው ይሁን። ወረቀቱ የሚያዘው ከላይ በሁለት ትንንሽ የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በውሃ ይለቃል። መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ፤ አልትራቫዮሌት የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ይሻላል። ፀሐይ ቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ ምንም ነገር አትስቀሉ። በተለይ በእጅ የተቀባ ቀለም በብርሃን ይሞታል፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዙ። የፔሪ ቁጥሩን፣ ሠዓሊውን፣ ቀራጩን፣ መጽሐፉንና ዓመቱን ጻፉ። የሥዕሉንና የሙሉ ወረቀቱን ልክ በሚሊ ሜትር፣ ከማን እንደገዛችሁ፣ ምን ጉዳት እንዳለበት ጨምሩ። ፊትና ኋላውን ፎቶ አንሱ። በወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግ የግድ ከሆነ ከኋላ ጥግ ላይ፣ ለስላሳ በሆነ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። በእስክሪብቶ ግን በፍጹም።

እኔ ግድግዳ ላይ በአንድ ጊዜ የምሰቅለው ሦስት ብቻ ነው። ሁሌም ያው ተረት፣ ከሦስት የተለያየ ዘመን። በየሦስት ወሩ አወርዳቸውና ሌሎች ሦስት አወጣለሁ። የወረዱት ወደ ጨለማ ሳጥናቸው ይመለሳሉ፣ የተሰቀሉበትና የወረዱበት ቀንም በየገጻቸው ላይ ይጻፋል።